የተቆረጠው አሜን

እኔ የምተዳደረው በሰው ሰርግ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ጭቃ ላይ የቆመችን ሙሽራ በኮምፒዩተር ወስጄ አበባ መሃል አቆማታለሁ። ጥር ሲገባ የማያውቀኝ ዳስ የለም። እንግዲህ በሰርግ ድግስ ላይ የወረደውን ግዝት ኢንተርኔት ላይ የጫንኩት እኔው ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ዘግይቼም ቢሆን ስቄበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኮሚቴ ነው። በደብራችን ያለ ኮሚቴ መብራት እንኳን አይቀየርም። የኔታ የምንላቸው አረጋዊ ካህንና መምህር ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ደብር ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ገበሬውን በእርሻው፣ ነጋዴውን በሚዛኑ የሚገሥጹ፣ ሲቆጡ በመቋሚያቸው መሬቱን የሚወጉ ሰው ነበሩ። ስብከታቸው በካሴት ተቀርጾ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ ከተቀደደ ከበሮ አጠገብ ተጥሎ ኖሯል። አንድ ቀን ሸረሪት ሲጠረግ ከረጢቱ ተገኘ። ወዲያው ደብሩ የኔታን እንደሚወድ ትዝ አለው፤ ኮሚቴም ተቋቋመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በከተማችን የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። በቆሎውን ከመራዊ፣ ጤፉን ከየገጠሩ ይሰበስባል፤ ስብሰባ ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ይሰበስባል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ትንሽ በአፍንጫው ያልፋል፤ መጋዘኑ ውስጥ ሲናገር ከመንገድ ማዶ ይሰማል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለምን እሱ ሰብሳቢ መሆን እንዳለበት ሲያስረዳ እንዲህ አለ፦

«እነዚህን ካሴቶች ማን የቀረጻቸው ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። ሰንበት ተማሪ ሳለሁ ያንን ቴፕ በትከሻዬ ተሸክሜ የኔታ እግር ሥር እቀመጥ ነበር። ከአፋቸው የወጣች አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

ማንም አልተቃወመም። በሚቀጥሉት ስብሰባዎችም የምንነጋገረው ስለ ድረ ገጹ ስም፣ ስለ ኮሚቴው ማኅተም ቅርጽና ማኅተሙን ማን ይያዝ ስለሚለው ነበር። ማኅተሙ ክብ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ አንድ ሰው «ታዲያ ካሴቱን ወደ ኢንተርኔት ማን ያስገባዋል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ኮምፒዩተር ያለኝ እኔ ነኝ፤ ሴትም ነኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን እምቢ እንደማልል ያውቃሉ። «ለበረከት ነው» አሉኝ። በኛ ዘንድ ለበረከት ነው ከተባለ ሰው ዋጋውን አይጠይቅም።

ከረጢቱን ወደ ፎቶ ቤቴ አስመጣሁ። ከዘመድ ቤት አሮጌ ቴፕ ለምኜ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሽቦ አገናኘሁት። ካሴት ለረሳ ሰው ላስታውስ፦ ቴፑ ክሩን ይበላል፣ አንቺ በእስክሪብቶ እያሽከረከርሽ መልሰሽ ታስገቢያለሽ፣ እሱ ደግሞ ይበላል። አንዳንዱ ካሴት ላይ የኔታ ስለ ጾም ማስተማር ጀምረው ገና ከመሃል ሳይደርሱ መሰንቆ ገብቶ እስክስታ ይሆናል፤ አንድ ዋዘኛ ሰንበት ተማሪ የሰርግ ዘፈን ቀድቶበታል። እኔ ግን እየቆየሁ ሥራውን ወደድኩት። ልጅ ሆኜ ከቡሬ ገጠር ለንግሥ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመጣ ከሩቅ የሰማኋቸው ሰው አሁን በጆሮዬ ሥር ይናገራሉ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንኳ ይናፍቃል።

ሰብሳቢው በየጊዜው እየመጣ ከኋላዬ ይቆማል። የጥራት ቁጥጥር ነው ይለዋል።

«ይሄ ሁሉ ሳል ምንድን ነው?» አለኝ አንድ ቀን። «ሳሉ ይውጣ። እልልታውም ይውጣ። የሕፃን ለቅሶ፣ የሕዝቡ አሜን፣ ሁሉም ይውጣ። ሰው በዳታ ነው የሚያወርደው። ለሳል ዳታ አይከፈልም።»

«አሜኑም?» አልኩት።

«አሜን ሁሉም በየቤቱ አለው» አለ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በክቡ ማኅተም ተመታ።

ስለዚህ ቆረጥኩ። እኔ ከሰርግ ቪዲዮ ላይ የሰከረ አጎት ቆርጦ በማውጣት የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ እጄ አይሳሳትም። ሳሉ ወጣ፣ እልልታው ወጣ። አንዱ ካሴት ላይ አንድ ጎረምሳ የኔታን አቋርጦ ስለ ካሴቱ ያነጋግራቸዋል፤ ማን ይሁን ብዬ ሳላስብ እሱንም ድግግሞሹንም ጠርጌ ጣልኩት። በመጨረሻ የኔታ ባዶ ቤት ውስጥ ለግድግዳ የሚናገሩ ሰው መሰሉ። ብቻ ከመቁረጤ በፊት ያለውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ ታርቀው «ያንን አጎታችንን መልሽው» ስለሚሉኝ የለመድኩት ነገር ነው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ለላፕቶፑ ሪባን ይታሰርለት ተባለ፤ ታሰረለት። ቋጠሮው ግን ክዳኑን አጥብቆ ስለያዘው መቀስ እስኪመጣ ድረስ ላፕቶፑ አልከፈት አለ። ሰብሳቢው ያንን ጊዜ በንግግር ሞላው። ከዚያ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ዳቦና ለስላሳ ተበላ ተጠጣ፣ በዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ስላልነበረ የኔታ ሳይደመጡ ቀሩ። ኢንተርኔቱ የመጣው በሌላ ሳምንት ነው፤ ያለ ሪባን ጫንኩት።

መጀመሪያ የሚያዳምጠው ኮሚቴው ብቻ ነበር። ኮሚቴውም የሚያዳምጠው የኔታን ሳይሆን መግቢያው ላይ የተነበበውን የራሱን የምስጋና መልእክት ነው። በኋላ ግን «ስለ ትዳር» ብለን የጫንነው ስብከት ከስልክ ወደ ስልክ መዝለል ጀመረ። እኔ ስለ ፍቅር የተናገሩት ሰውን የነካው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው መጨረሻውን ነው።

የኔታ በዚያ ስብከት መጨረሻ ላይ ስለ ሰርግ ድግስ ይቆጣሉ። ገበሬው ለአንድ ቀን ከበርቻቻ ብሎ የእርሻ በሬውን እየሸጠ ዓመቱን ሙሉ በሰው በሬ ላይ ዓይኑን ጥሎ እንደሚኖር ይዘረዝራሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሲቆጡ ጮክ የሚሉት ሰው ዝቅ ሲሉ ያስፈራሉ። እንዲህ ይላሉ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የእርሻ በሬውን ሸጦ ሰርግ የደገሰ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ግዝት ይሁን። ብዙ አጃቢ አስከትሎ ያሸጠውም ግዝት ይሁን። እያወቀ የበላውም ግዝት ይሁን።»

ግዝት እኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሰው የወረዳ ደብዳቤ መጥቶለት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል፤ በካህን ግዝት የታሰረ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ያ ግዝት በጊዜው ለደብሩ ምእመናን የተነገረ ነበር፤ ዘመን አልፎ፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ረስቶ፣ ድግሱም እንደ ድሮው ሆኖ ነበር። አሁን ግን የኔታ በሰው ኪስ ውስጥ ሆነው እንደ አዲስ ተናገሩ። ክርክር ተነሣ። የሞተ ሰው ይገዝታል ወይ? በስልክ የመጣ ግዝት ይይዛል ወይ? የፍኖተ ሰላም ግዝት ቡሬ ላይ ይሠራል ወይ? አንድ የባጃጅ ሾፌር ኔትወርክ እስከደረሰበት ድረስ ይሠራል ብሎ ፈረደ፤ ከእሱ የተሻለ ፍርድ የሰጠ አልሰማሁም።

ታኅሣሥ አልቆ ጥር ገብቷል። ሰርግ የተጠራ ሰው መልካም ጋብቻ ከማለቱ በፊት «በሬው የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘመን መጣ። ወደ ጅጋ አቅጣጫ አንድ ደጋሽ እንግዳ እንዳይሸሽበት ጥንድ በሬዎቹን ዳሱ በር ላይ አስሮ ተቀበለ። እንግዳው ሁሉ በሬዎቹን በዓይኑ ቆጥሮ፣ ሁለቱም በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጦ ወደ ቁርጡ ይገባል። ነገሩ ስለተወደደ በሬ የሌለው ሰው ከጎረቤት በሬ ተውሶ በሩ ላይ ማሰር ጀመረ። ደንበኞቼም ቀነሱ። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ መጥተው ቀብድ ሊሰጡኝ ሲሉ ቆም አሉና «የደገሰው፣ ያሸጠው፣ የበላው ብለዋል። የቀረጸችውስ?» አሉኝ። ቀብዱም ወደ መቀነታቸው ተመለሰ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ወንድሜን ላስተዋውቅ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ እሱ ነውና። ታላቅ ወንድሜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬ ነው። ለብዙ ዓመት ያረሰው በመቀናጆ ነው፦ እሱ አንድ በሬ፣ ጎረቤቱ አንድ በሬ፣ አጣምደው በተራ ያርሳሉ። ዝናቡ ሲመጣ ግን ለሁለቱም እኩል ስለሚመጣ ተራ የደረሰው ይዘራል፣ ተራ ያልደረሰው ሰማይ ያያል። ወንድሜ ሰማይ ሲያይ ነው የኖረው። ከዚያ የገዛ ላሙ የወለደችውን ወይፈን እንደ ልጅ አሳድጎ፣ ለቀንበር ገርቶ፣ ባለ ጥንድ በሬ ሆነ። ያን ዓመት ስሄድ ወይፈኑን ከኔ ፊት አቁሞ ያስተዋወቀኝ አገር ገዢ ያስተዋወቀኝ ያህል ነበር።

የወንድሜ ሴት ልጅ በዚሁ ጥር ልታገባ ነበር። የምታገባው የማንን ልጅ ነው ቢሉ የሰብሳቢያችንን። ልጆቹ ባሕር ዳር ሲማሩ ተዋውቀው ተፋቀሩ፤ ያማረ ነገር ነው። ሰብሳቢው ግን ሽማግሌ ልኮ መልእክቱን ሲያስነግር «አጃቢው ብዙም አይደለም» አለ። ከመራዊ የእህል ነጋዴዎቹ፣ ከፈረስ ቤት ዘመዶቹ፣ ከሊበን የክርስትና ወዳጆቹ፣ ከባሕር ዳር የልጁ ጓደኞች፣ ከፍኖተ ሰላም ደግሞ ያው ከተማው። ብዙም አይደለም። ወንድሜ ሽማግሌዎቹን «ቤታችሁ ነው» ብሎ ሸኝቶ፣ ያንኑ ሳምንት ያን ያሳደገውን በሬ ቡሬ ገበያ ሊያወጣ ቆረጠ።

«ለምን አጃቢ ቀንሱ አትላቸውም?» አልኩት በስልክ።

«ልጄን በባዶ ዳስ አልድርም። ድሃ ነው ብለው እሷን ዕድሜ ልኳን ሊያሽሟጥጧት ነው?» አለኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ወንድሜ ኩሩ ነው፤ ኩራቱ ከበሬው ይበልጣል።

ስለዚህ ግዝቱ ከተሰማ በኋላ ልጠይቀው ስሄድ እንዲያ ሆኖ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤቱ ስጠጋ ከሩቅ እየሳቀ ተቀበለኝ። ሁለቱ በሬዎች ከጓሮ ገለባ እየበሉ ነበር።

«አየሽ እታለም» አለኝ፣ «ልጂቱ በስልኳ አሰማችኝ። ተገዝቻለሁ። የኔታ ነፍሳቸውን ይማርና በሬዬን ከገበያ መለሱልኝ።»

«ሰው ምን ይለኛል አላልክም?»

«ሰው ምን ይላል? ስስታም ነው እንዳይል ግዝት ነው። ድሃ ነው እንዳይል ግዝት ነው። የተገዘተን ሰው ማን ይቦጭቃል?» ወይፈን የነበረውን በሬ በመዳፉ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «አንቺው ነሽ አሉ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሽው። እግዜር ይስጥሽ።»

ያን ቀን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው አይቶ ይስቅብኛል ሳልል እንባዬን ጠረግሁ። ከዚያ በፊት ለበረከት የሠራሁት ሥራ በረከቱ በዓይኔ ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ችግሩ ሰብሳቢው ነው። «ያሸጠውም ግዝት ይሁን» የምትለዋ ቃል ለእሱ በልኩ የተሰፋች ናት። እሱ ግን እንደሌላው ሰው አልተጨነቀም፤ መላ አገኘ። መላው አለመስማት ነው። «እኔ ያን ስብከት አልሰማሁም፤ ያልሰማሁት ነገር እንዴት አድርጎ ይይዘኛል?» ማለት ጀመረ። እንዳይሰማም በጽኑ ይሠራ ነበር። ሰው ስልኩን ሲያወጣ እሱ ይወጣል። ባጃጅ የኔታን ከፍቶ በመጋዘኑ በር ሲያልፍ ያ ትልቅ ሰው ሁለቱን ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ወትፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን እያጉረመረመ ሲዘፍን አይቼዋለሁ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ያንን ሁሉ ድረ ገጽ ሰው ይስማው ብሎ ያቋቋመ ሰው ነው።

አንድ ቀን ፎቶ ቤቴ መጣ።

«አሁን እኮ ዘመድ ልንሆን ነው» አለኝ። «ያን ስብከት አጥፊው።»

«የትኛውን?»

«ያልሰማሁትን።»

«የተጫነ ትምህርት ያለ ኮሚቴው ውሳኔና ያለ ማኅተም አይነሣም ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ይዛችኋል። እርስዎ ነዎት ያስያዙት» አልኩት። ዋሽቼ አይደለም፤ በትክክል አስይዞታል። ፊቱ ቀላ። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄደ። አስተዳዳሪያችን ዝምተኛ አባት ናቸው፤ ሲያዳምጡ የተኙ ይመስላሉ። ግዝቱ ሕዝቡን አውኳል፣ ሰርግ አቁሟል፣ ዘመድ ከዘመድ እያስተዛዘበ ነው፤ የኔታ ስለሌሉ በእሳቸው ቦታ ያሉት አባት ይፍቱልን ብሎ በኮሚቴው ስም አመለከተ። ማኅተሙንም መታበት። አባታችንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ይታያል አሉ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደወለልኝ። ድምፁ ተለውጧል።

«ከተፈታ ምን ምክንያት አለኝ እታለም? ከተፈታ በሬው ይወጣል።»

«ለማንኛውም እሑድ ና» አልኩት።

እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። ወንድሜ ከቡሬ መጥቶ ወደ ኋላ፣ ጋቢውን እስከ አፉ ስቦ ተቀምጧል። እኔ ላፕቶፔን ከሞንታርቦው ጋር አገናኝቼ ዳር ቆሜያለሁ። ሰብሳቢው ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ ሰላም ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስ ይፍቱልን ብሎ ወገቡን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ያልሰማሁትን አልፈታም» አሉ አባታችን። «መጀመሪያ እንስማው።»

ሰብሳቢው «እንግዲያው እኔ ወጣ ልበል» አለ።

«ጠያቂው አንተ ነህ። የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ጆሮውን በጣቱ እንዳይደፍን ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። እኔ ድረ ገጹ ላይ ያለውን፣ የተቆረጠውን ከፈትኩ። የኔታ ሦስቱን ግዝት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው ተናገሩ፤ ከዚያ ጸጥ። ምንም የለም።

አባታችን ዓይናቸውን ከፈቱ። «ሕዝቡ የት ሄደ?» አሉ። «ካህን ሲገዝት ሕዝቡ አሜን ብሎ ይቀበላል። አሜን ያላለ ሕዝብ ምኑ ይታሰራል?»

ሰብሳቢው እንደ ተወረወረ ተነሣ። «አላለም አባታችን። ይኸው ሁላችንም ሰማን። አንድም ሰው አሜን አላለም። ያን ቀን ሕዝቡ አልተቀበለውም ማለት ነው። መፍታትም አያስፈልግም፤ ድሮም አልታሰረም።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ሰው እርስ በርስ ተያየ፤ አንዳንዱም ፊቱ ፈካ፤ ጥር ሊከፈት ነው። ወደ ወንድሜ አየሁ። መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«አሜኑ አለ» አልኩ። ድምፄ በሞንታርቦው ወጣ፤ ማይኩ ክፍት ነበር። «አሜኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በኮሚቴው ትእዛዝ። ዳታ ይበላል ተብሎ።»

«ያልተቆረጠው አለሽ?» አሉኝ አባታችን።

«አለኝ።»

ሰብሳቢው ተይ በሚል እጁን ዝቅ ዝቅ አደረገልኝ። አላየሁም። ያልተቆረጠውን ከፈትኩት።

ግቢው ወዲያው ሰው ሞላው ልበል? ሳሉ፣ ሕፃኑ፣ የሚያጉረመርሙት ሽማግሌዎች፣ ዳር ሆኖ የሚያናፋ አህያ። የኔታ ደግሞ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሰው ያዳምጣቸዋል፤ ሰው ሲያዳምጣቸው ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነው። ግዝቱን ጀመሩ። የደገሰ። ያሸጠው። «የበላውም» ሲሉ አንድ የጎረምሳ ድምፅ አቋረጣቸው፤ ቴፑ አጠገብ ስለሆነ ከእሳቸው ይበልጥ ይጮኻል። ወፍራም ነው፤ ትንሽ በአፍንጫው ያልፋል።

«የኔታ፣ ይቆዩኝ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው። ልገልብጠውና ይድገሙልኝ።»

ቀጭ አለ። ከዚያ እንደገና ቀጭ አለ።

«ምን ላይ ደርሼ ነበር?» ይላሉ የኔታ።

«ብዙ አጃቢ አስከትሎ ያሸጠውም ግዝት ይሁን ብለው፣ የበላውም ላይ ነበሩ» አለ ጎረምሳው፣ ቃል በቃል።

የኔታ ሲስቁ ተሰማ። «ጎሽ፣ አንተስ ሰምተሃል። ሌላውም ይስማ» አሉና ሦስቱንም ግዝት ከመጀመሪያው ደገሙት። ከዚያ አሜን መጣ። እንዲያ ያለ አሜን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ከየአቅጣጫው ተነሥቶ አንድ ላይ ወረደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቴፑን የያዘው እሱ ነውና፣ ያው ወፍራም ድምፅ «አሜን» አለ።

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ እሷን ሁሉም ተከተለ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። ነጠላዬን ይዘው «ያ ከኋላ በኩል አሜኑን አስረዝሞ ያለው የኔው ባል ነው። እባክሽ መልሽው» አሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መለስኩላቸው። ይህን ነው እንግዲህ እንደ ሳል ቆጥረን የጣልነው። ሰብሳቢውንም፣ ማኅተሙንም፣ ዳታውንም ረገምኩ።

አባታችን ሰብሳቢውን ቀና ብለው አዩት። የተኙ አይመስሉም ነበር።

«ልጄ፣ አንተ እኮ ይህን ግዝት ሰምተህ ብቻ አይደለም፤ አስደግመኸዋል። ሁለት ጊዜ አስረውሃል። እኔ ከየትኛው ልጀምር?»

ሰብሳቢው አፉን ከፈተ፤ መጋዘን የሚሞላው ድምፅ አልወጣ አለው። ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገው። በመጨረሻ «ግዝቱ ይቆይ» አለ፣ ለእግሩ ጫማ። ወንድሜ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበው። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፤ አልነገርኩትም።

ሰርጉ በጥር መጨረሻ ሆነ። ሙሽራውን ይዘው የመጡት መኪኖች በቀላሉ የሚቆጠሩ ነበሩ። የመራዊው ነጋዴም የፈረስ ቤቱ ዘመድም በቤታቸው መርቀው ቀሩ። ወንድሜ የጓሮ ዶሮውንና አንድ በግ አርዶ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ ዳሱን በቅጠል አሳምሮ ጠበቃቸው፤ ዳሱ በር ላይ ደግሞ ጥንድ በሬዎቹን፣ የተዋሳቸውን ሳይሆን የራሱን፣ አስሮ አቆማቸው። ካሜራዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰብሳቢው ከመኪና ወርዶ በሬዎቹ ፊት ቆመ። ያን ወንድሜ ያሳደገውን በሬ እንደ አዋቂ ጀርባውን ዳበሰው፤ ከዚያ ወደ ካሜራዬ ዞረ፤ ድምፁ ተመልሶለታል።

«ይህን ግዝት ሁለት ጊዜ ያስባልኩት እኔ ነኝ» አለ። «የኔታ አንድ ጊዜ ብቻ ብለውት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተረስቶ ነበር። ካሴቱን በጊዜው መገልበጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።»

እውነቱን ነው። ወንድሜ ከኋላው ቆሞ ራሱን እያወዛወዘ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ ከልቡ ነው ያለው። በሬዎቹ ከሁለቱ መሃል ቆመው ያመሰኳሉ። ቪዲዮውን ሳቀናብር ሰብሳቢው ደውሎ ንግግሩን ትንሽ እንዳሳጥርለት ጠየቀኝ። ይህን ግን አልቆረጥኩም።